ስም፣ ጉልበት፣ እንቅልፍ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አቶቴ፣ ከመኩሪያ ኮፒ ቤት ጓሮ፣
ሦስት ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ቻርጀሩ በላስቲክ ታስሮ።
ባለ ሃያ ጎን ዳይሳችን አንድ ነው፣ ጠርዙ የተሸረፈ፤
በሱ ስንቱ ጀግና ወደቀ፣ በሱ ስንቱ ከዘንዶ አፍ ተረፈ።

ዓለሙን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤
ሐይቁ የደረቀባት፣ ወለሉ ላይ ሰፈር የቆመባት ሐዋሳ፣
አባ ኮዳዎች ካባ ለብሰው የሚፈርዱባት
ስለ ተሰረቀ ዓሣ።

የጎደለን ወረቀት ነው፤ ለአንድ ጀግና አንድ ገጽ፤
ስሙ፣ ጉልበቱ፣ ቁስሉ፣ የኪሱ ሳንቲም፣ ሁሉም በአንድ ቅጽ።
ያወረድነው አለ፤ ያምራል፤ ግን በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ነው፤
"የቤተሰብ ስም" ይላል፤ ላሚሶ "የማን?" ብሎ አፈጠጠው፤
አያቱን ይጻፍ? ጎሳውን? እናቱ የምትጠራውን?
መስመሩ አጭር ነው።

እንግዲያው ራሳችን እንሥራው። በምን? ጠቡ እዚህ ተነሣ።

ጦና ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ሰንጠረዥ አምላኪ፤ እንዲህ ይላል፦
"ቁስሉን አስገባ፣ ዕድሜውን ራሱ ይቀንሳል፤
ጋሻ ጨምርለት፣ ራሱ ይደምራል።"
እውነቱን ነው፤ ይደምራል።
ግን የወጣው ጀግና ፔሮል ይመስላል፣
ግብርና ጡረታ የሚቆረጥበት ዘንዶ ገዳይ።

ላሚሶ የመረጠው ፕሮግራም እጁ የሠዓሊ እጅ ነበረ፤
ሐረግ ጣለልን፣ ማዕዘኑን እንደ ጥለት አሳመረ።
በየወሩ ዶላር አለ። ዶላር!
የሙከራው ሳምንት ሲያልቅ በሩን ዘጋ፤
ግማሽ ጋሻ፣ ሙሉ ፈረስ፣ ውስጥ ቀረ።

ሦስተኛው ነጻ ነው፤ ነጻ፣ ግን ፊደል አልቆጠረም፤
"ኀይል" ስጽፍ ባዶ ሳጥን፣ "ጥበብ" ስጽፍ ባዶ ሳጥን፤ አላፈረም።
ፎንት ለወጥን፤ አነበበ፤ ደስ አለን፤
ስናትመው ግን "ቋ"ን እየነጠለ ዋጣ፤
"ቋንቋ" ያልነው ችሎታ "ን" ብቻ ሆኖ ወጣ።
"ጀግናህ አፉ ተያዘ" አለ ጦና፣ በአፍንጫው እየሳቀ።

አራተኛው ከባድ ነው፤ ላፕቶፑ የታቦርን ዳገት እንደሚወጣ
አምስት ሰው እንደ ጫነ ባጃጅ አቃሰተ።
ፊደል ግን አልጣለም። ገጹ ሊታይ ሲል፣ ሊታይ ሲል፣
መብራት ሄደ። ባትሪው እንደሆነ ድሮ ሞተ።

ያኔ ነው ኤፍራታ የገባችው፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰርቪስ ወርዳ፣
ጣቷ ላይ ፕላስተር፣ ፀጉሯ ላይ የነጭ ክር ብናኝ።
ረቂቁን በበሩ ብርሃን አነበበች፣ ከላይ እስከ ታች፣ ዝም ብላ፤
"እንቅልፍ የት ነው የሚጻፈው?" አለች፣ ቀና ብላ።

"ጉልበት አለ፣ ቅልጥፍና አለ፣ ዕድል እንኳ ሳጥን አለው፤
ማታ ስንት ሰዓት ተኛች የሚለው የታለ?
ሌሊቱን ኮሌታ ስትሰፋ ያደረች ሴት
ሰይፍ ስታነሣ ከዳይሱ ምንም አይቀነስም?
አራት ፕሮግራም ቀያየራችሁ አሉ።
ሰውየው ሳይለካ መቀስ ይመረጣል?"

ጦና ሊመልስ አፉን ከፈተ። ዘጋው።

መብራቱ ሲመለስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል።
ከባዱን ያዝን፣ የሚያቃስተውን፤
ሳጥኑ ስለሚለጠጥ፣ ፊደል ስለማይውጥ።
"የቤተሰብ ስም" ወጣ፤ በቦታው "ማን ብለው ይጠሩታል" ገባ፣ ሦስት ሙሉ መስመር።
ከጉልበት ሥር እንቅልፍ፣ በሰዓት።
የሰንጠረዡ ድምር እንዲቀር ጦና እስካሁን አልተስማማም።

መኩሪያ አሥር ቅጂ አወጣና "የምን ቅጥር ነው?" አለን።
"የጀግና" አልነው።
የተበላሸ አንድ ገጽ አነሣ፤ በቀይ እስክሪብቶ መሙላት ጀመረ።
ስም፦ መኩሪያ። ጉልበት፦ ደህና።
የሚፈራው፦ የቶነር ዋጋ።
እንቅልፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፤
"ልጄ ከመወለዷ በፊት የተኛሁት ይቆጠራል?"

የግራው ጠርዝ አሁንም ሁለት ሚሊ ቆርጦ ይበላል።